ገጽ አርባ ሰባት

ልጄ ዜናውን የነገረችኝ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነው። ስልኳን ከትሪው አጠገብ አንስታ አየችና «ማሚ፣ አክሴፕት አደረጉኝ!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ዞረው አዩን። እዚሁ ሚኒያፖሊስ የምህንድስና ተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። ሰመር ላይ ለሁለት ሳምንት አውሮፓ ሄደው በማስተማሪያ የኒውክሌር ሪአክተር ላይ የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ይመረጣሉ ሲባል አመልክታ ነበር። «እሰይ የኔ እናት! የት አገር ደረሰሽ?» አልኳት። የከተማዋን ስም ስትጠራልኝ የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ።

«ያንቺ ሪአክተር ነው እኮ! ዩር ሪአክተር፣ ማሚ!»

አዎ፣ የእኔው ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ ቆሜያለሁ። ይህን ልጄ ታውቃለች። ሌላዋ እናት ለልጇ ተረት ስትነግር እኔ ስለ ኒውትሮን ነው እያወራሁ ያስተኛኋት። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ገጽ አርባ ሰባት ላይ ተቀምጧል። ሪአክተር ያለበት ቤት የድሮ መዝገብ አይጥልም። ምናለ በጣሉት ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

«ዋይ አር ዩ ኖት ሃፒ?» አለችኝ።

«ደስታ ነው ዝም ያሰኘኝ። ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ምን ዓይነት እናት እንደሆንኩ ልናገር። ቶሎ እናደዳለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል፤ በመሃል የምናገረው ነገር ግን ጥሩ አይደለም። ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች ሆምወርኳን በላጲስ ስትፈገፍግ ወረቀቱ ተቀድዶ አየሁና «የኔ ደብተር ስርዝ ድልዝ አያውቅም ነበር!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ይህችን ነገር በየሴሚስተሩ ሳልደግማት ቀርቼ አላውቅም። ሃይስኩል ሆና በኬሚስትሪ ቢ ፕላስ ያመጣች ጊዜ ሦስት ቀን አኩርፌያታለሁ። አባቷ የጅማ ሰው ነው፣ ትዕግሥቱ ለጎረቤት የሚተርፍ። «ቢ ፕላስ እኮ ደህና ነው» ሲለኝ «አንተ ዝም በል! እኔ አውሮፓ ስማር አንዲት ስህተት አልሠራሁም» አልኩት። ድንቄም!

ይህ የስርዝ ድልዝ ነገር ከቤት ይዤው የመጣሁት ነው። እኛ አገር ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። ማመልከቻህ ላይ አንዲት ፊደል ሰርዘህ ከሄድክ «ሂድና ገልብጠህ ና» ይሉሃል። አባቴ ደግሞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሠራ ስለነበር ሰውን ሁሉ «ገልብጠህ ና» ብሎ የሚመልሰው እሱ ነበር፤ ቤትም ሲገባ አይተወውም። ተሳስቼ ከጻፍኩ ገጹን ቀድጄ፣ እንደገና አሳምሬ እገለብጣለሁ። «ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ነው የሰው ጽሑፍ!» እያለ ደብተሬን ለእንግዳ ያሳይ ነበር። ያንን የእጅ ጽሑፍ ይዤ ነው አውሮፓ የገባሁት።

ትምህርቱ ከአገር አገር የሚያዞር ነበር። መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎ ጣሊያን፣ ከዚያ ለተግባር ልምምድ ወደ መካከለኛው አውሮፓ። ከየአገሩ የተለቃቀምን ልጆች ሻንጣችንን እየጎተትን ከባቡር ባቡር ስንገለባበጥ ነው ሁለቱ ዓመት ያለቀው። ፈረንሳይ ሳለን ሁሉም ነገር ቀመር ነበር። ጣሊያን ደግሞ ውኃ በጋለ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚፈላ አንድ ሙሉ መንፈቅ አጠናን። እናቴ በስልክ «አሁን ምን እየተማርሽ ነው?» ስትለኝ «ውኃ ማፍላት» አልኳት። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?» ብላ አዘነች።

እዚህ ያለው ወገኔ አዲስ አበባ ናፈቀኝ ሲል እሰማለሁ። እኔን ግን፣ ወላሂ፣ የሚናፍቀኝ ያ አዳራሽ ነው። ስንገባ የሚቀዘቅዘው የብረት ደረጃ፣ የአየር ማስወጫው ጉርምርምታ፣ ደረታችን ላይ የምንሰካት ጨረር የምትለካ ትንሽ መሣሪያ። መሃሉ ላይ ጥልቅ ገንዳ አለ፤ ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ የሌለ ይመስላል። ሪአክተሩ ከገንዳው ሥር ነው። ኃይሉ ከፍ ሲል ከውኃው ሥር ሰማያዊ ብርሃን ቀስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ሱብሐነላህ!» ብዬ ስጮህ ጓደኞቼ አንድ ነገር የፈነዳ መስሏቸው ወደ በሩ ዘለሉ። ስንወጣ እጅና እግራችንን የሚመረምር ማሽን ላይ እንቆማለን፤ አረንጓዴው ሲበራ ነው በሩ የሚከፈተው። አሁንም አንዳንድ ቀን ከቤት ስወጣ እጄን ዘርግቼ ልቆም ይቃጣኛል።

የሚያሠለጥኑን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ ሪአክተር ላይ የሠሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፤ እንግሊዝኛቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም። የመጀመሪያ ቀን ወፍራም መዝገብ አንስተው አሳዩን። በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱና የመሣሪያዎቹ ንባብ የሚጻፍበት ነው። «ማሽኑ አይዋሽም» አሉ። «እዚህ ቤት ሊዋሽ የሚችል ይህ ብቻ ነው። እሱ ከዋሸ ሁላችንም አለቀልን።» ከዚያ ሥርዓቱን ነገሩን። የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነው። የተሳሳተ ሰው በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዛል፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ስህተት መነበብ አለበት። ትክክሉን ከጎኑ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ገጽ የቀደደ ግን በዚያው ቀን ከሥልጠናው ይሰናበታል። እኔ ይህንን ሁሉ ደብተሬ ላይ አሳምሬ ገለበጥኩት። ጆሮዬ ሰማ፣ እጄ ጻፈ፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ስህተት እንዲነበብ አድርጎ ማስቀመጥ ገመና አደባባይ ማስጣት መሰለኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ረመዳን ነበር፤ ረመዳኑም የብርድ ወራት ላይ ውሏል። እዚያ አገር በዚያ ወር ፀሐይ ገና በአስር ሰዓት ትጠልቃለች፣ በፈረንጅ በአራት ማለት ነው። በሌላው ቀን ሰዓት የምቆጥረው እንደነሱ ነበር። ስጾም ግን አልችልም። የተራበ ሆድ የሚያውቀው የአገሩን ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ ምግብ ከሱሑር ጀምሮ በውስጤ «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ሰባት ቀረኝ» እላለሁ። መዝገብ የመያዙ ተራ የእኔ ነበር። ሽማግሌው ሪአክተሩን አስነስተው «ሰዓት!» ብለው ጮሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል። እኔ ሦስት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ሦስት ከሠላሳ፣ ሦስት ከአርባ። እንዲህ እያልኩ እስከ ቀትር፣ ያውም ባማረ ጽሑፍ፣ ገጹን ሞላሁት።

ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ እኔ ጾመኛዋ ስሌቱን ልሥራ ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ያየሁት። ክው አልኩ። መዝገቡን ፈረንጅ ሲያነበው ሪአክተሩ የተነሳው ማንም በሌለበት፣ አገሩ ሁሉ በተኛበት፣ ከጎሕ በፊት ነው። ቁጥሩ ሁሉ በስድስት ሰዓት ተፈናቅሏል። አሥራ ሰባት መስመር! አሥራ ሰባቱንም ሰርዤ አሥራ ሰባት ጊዜ ልፈርም? ምን ቆርጦኝ! የአባቴ ልጅ አይደለሁም እንዴ? ግራ ቀኝ አየሁ፣ ቅጠሉን ከሥሩ ቀደድኩት፣ ጨብጬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሰዓቱን አስተካክዬ ሁሉንም እንደ አዲስ ገለበጥኩ። እንዴት እንዳማረ ብታዩት! ሽማግሌው ከምሳ ተመልሰው ገጹን አዩና ከሥሩ ፈረሙ። «ጽሑፍሽ ያምራል» አሉኝ። ለማንም ደግ ቃል ወርውረው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ወደ ማደሪያዬ ለመሄድ ትራም ፌርማታ ላይ ቆምኩ። አንዱ ትራም መጣ፣ አለፈኝ። ሁለተኛውም መጣ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ኅሊናዬ ወቀሰኝ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የገጹ ቁጥር ትዝ ብሎኝ ነው። ገጾቹ ቁጥር ነበራቸው። መዝገቡ ከአርባ ስድስት ወደ አርባ ዘጠኝ ዘሏል። ዛሬ ባያዩት ነገ ያዩታል። ከተባረርኩ ደግሞ ስኮላርሺፑም ቪዛውም አብረው ይሄዳሉ፤ ደብተሬን ለእንግዳ የሚያሳየው አባቴ ፊት በሻንጣ መቆም ነው የሚጠብቀኝ። ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ያ «ጽሑፍሽ ያምራል» ያሉት ነገር ሆኖ፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ሽማግሌው በሩን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «የት ጣልሽው?» ገብተን ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጡት። እኚያ ትልቅ ሰው ተንበርክከው፣ እኔም ከአጠገባቸው ተንበርክኬ፣ የጨባበጥናቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየዘረጋን ፈለግን። ከብዙ ከንቱ ስሌት ሥር ተገኘ። በመዳፋቸው እያሹ አቃኑት። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ፤ ውጭው ጨልሟል። ለካ ቀኑን ሙሉ እንዳልበላሁ ልብ ብለዋል። ኮሪደሩ ላይ አውጥተው ብርጭቆ ውኃ ሰጡኝና «መጀመሪያ ጠጪ» አሉኝ። የራሳቸውን ዳቦ ከቦርሳቸው አውጥተው ለሁለት ገመሱት። እንደዚያ የጣፈጠ ዳቦ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም።

ዳቦውን እየበላሁ «ለምን ሦስት?» አሉኝ። እኛ አገር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ሰዓቱም ከዚያ ነው የሚቆጠረው ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ተመልሰን ገባን። የተቀደደውን ቅጠል በፕላስተር ከቦታው ለጠፉት፣ አሥራ ሰባቱን መስመር እያንዳንዱን እየሰረዝኩ እንድፈርም አደረጉኝ። ሳበቃ ከሥሩ በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት መስመር ጻፉና ፈረሙ። «ምን ጻፉ?» አልኳቸው በፍርሃት። «የሆነውን» አሉኝና መዝገቡን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፉበት።

የስንብት ደብዳቤ ይመጣል ብዬ ሳምንታት ጠበቅሁ። አልመጣም። ሥልጠናውን ጨረስኩ፣ አለፍኩ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ጠርተውኝ «እዚህ ቆይተሽ ከእኔ ጋር ዶክትሬትሽን ብትሠሪ ቦታ አለ» አሉኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ። ያ ክስ በእጃቸው ተጽፎ ቁም ሳጥን ውስጥ እያለ እዚያ ቤት በየቀኑ መግባት አስፈራኝና «አመሰግናለሁ፣ አልችልም» አልኳቸው። በሄድኩበትም ቀን አልተሰናበትኳቸውም። ባቡሩ ላይ ሆኜ ከእሳቸው መሸሼን እንደ ብልጠት ቆጠርኩት። ጅል!

ከዚያ ትዳር ወደ ሚኒሶታ አመጣኝ። ዛሬ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ ለምርመራ በደም ሥር የሚሰጠውን ጨረር ያለው መድኃኒት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ቢገባም የእኔ ክፍል አንድ የወረቀት መዝገብ አለው። ስሳሳት በአንድ ቀጭን መስመር እሰርዛለሁ፣ እፈርማለሁ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም እንደ ሽማግሌው እየተቆጣሁ አስተምራለሁ። ኮሎምቢያ ሃይትስ ቤቴ ስገባ ግን ያው የአባቴ ልጅ ነኝ።

ልጄን ኤርፖርት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት መንገድ፣ እሷና እኔ ብቻ። ልነግራት ወስኜ ነው ከቤት የወጣሁት። አንድ የሀይዌይ መውጫ ኤግዚት አለፈ፣ ሌላ ኤግዚት አለፈ፤ ከአፌ የሚወጣው «ጃኬት ያዝሽ? ፓስፖርትሽስ?» ብቻ ሆነ። በስንት ልፋት ያሳደግኋት ልጅ ውሸታም መሆኔን ከባዕድ ሰው ትሰማለች ብዬ እያሰብኩ፣ «በረራሽ በአስር ሰዓት አይደል?» አልኳት።

«ፎር፣ ማሚ። ዩ ሚን ፎር» አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ እያረመችኝ ነው፤ አንድም ቀን አልፋኝ አታውቅም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓቴ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። የልጄ ድምፅ የማላውቀው ዓይነት ነው፤ ቀጠን ብሏል።

«ማሚ፣ ዛሬ ሪአክተሩ ጋ አስገቡን። ከመግባታችን በፊት ግን አንድ መዝገብ ከፍተው አሳዩን። ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው አሉ።»

ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ፊርማሽን አየሁት» አለች። እንዴት አታውቀው! ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ የፈረምኩላት ያው የአማርኛ ፊርማ ነው። «እጄን አወጣሁና 'ዛት ኢዝ ማይ ማም' አልኩ።»

«አፈርሽብኝ?» አልኳት።

«ዌይት። ከሥሩ የተጻፈውን ትራንስሌት አድርጉልኝ አልኳቸው። ላንብብልሽ?» ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ አነበበችልኝ፤ በእኛ አፍ እንዲህ ማለት ነው። «ተማሪዋ ገጹን ቀደደች። ማንም ሳይጠይቃት ተመልሳ መጥታ ተናገረች። ገጹ ከቅርጫት ተገኝቶ ከቦታው ተለጥፏል። ንባቦቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ሰዓቱም ትክክል ነው፣ በአገሯ።»

ሃያ ሦስት ዓመት! ያ ክሴ ነው ብዬ ሃያ ሦስት ዓመት የሸሸሁት። እዚያ ደረጃ ላይ፣ በሥራ ልብሴ፣ ሰው በአጠገቤ እያለፈ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። «ሽማግሌውስ?» ስላት ካረፉ ቆይቷል አለችኝ። አለማመስገኔ፣ አለመሰናበቴ፣ ያንን ቦታ እንቢ ማለቴ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ይህን የሚሰርዝ መስመር ከየት ይመጣል?

ልጄ እስክረጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንግሊዝኛዋን ትታ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ በአማርኛ «ማሚ፣ እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ባለፈው ዓመት አንድ ክላስ ወድቄያለሁ። ያለፈው ሰመር ላይብረሪ እሠራለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ደግሜ እየወሰድኩት ነበር። አሁን አልፌዋለሁ። አንቺ ስህተት የማትሠሪ ስለሆንሽ መናገር ፈራሁ።»

ቁጣዬ እንደ ልማዱ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። መጣና እዚያው ቆመ። ይህች ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችውን ፍርሃት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ለእኔ ዳቦ ሲገምሱ እኔ ለልጄ ኩርፊያ ሰጠኋት።

«ደህና አደረግሽ፣ ነገርሽኝ» አልኳት። «በአንድ መስመር ሰርዢው። ከሥሩ ይነበብ።»

«ያንቺንስ? ሁሉንም ከአፍሽ መስማት እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው።»

ምሳዬ ሳይበላ የዕረፍት ሰዓቴ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ጀመርኩላት። «ረመዳን ነበር። ሽማግሌው ሪአክተሩን አስነሱና ሰዓት ብለው ጮሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር» አልኳት።

«ናይን» እስክትለኝ ጠበቅኋት። ልጄ አላረመችኝም።